ውል ያናጋው ግስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የትርጉምና የሰነድ ዝግጅት አገልግሎት በሚሰጥ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለውጭ ደንበኞች የሚላኩትን ደብዳቤዎች የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። የዓመቱ ውላችን ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለዋነኛው ደንበኛችን በእንግሊዝኛ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በመዝጊያውም «በሚመጣው ዓመትም አብረን መሥራታችንን እንድንቀጥል እንመኛለን» ለማለት አስቤ «ዊ ዊሽ ዊ ኩድ ኮንቲኒው ወርኪንግ ዊዝ ዩ ኔክስት ዪር» አልኩ። ከ«ዊሽ» በኋላ የሚመጣው ግስ የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ መያዝ እንዳለበት በትምህርት ቤት አጥብቀው ስላስተማሩኝ፣ «ካን» የሚለውን ትቼ «ኩድ»ን በመምረጤ ሙሉ እምነት ነበረኝ። የኮምፒውተሩ የሰዋስው ማረሚያም ምንም ስህተት አላመለከተኝም።

በማግስቱ የመጣው መልስ አስደነገጠኝ። ደንበኛው መለያየታችን እንዳሳዘነው ገልጾ፣ በእጃችን ያሉትን ሰነዶች መቼ እንደምናስረክበው ይጠይቅ ነበር። ደብዳቤዬን ደጋግሜ ባነበውም ስንብት የሚመስል ቃል ስላጣሁበት፣ ሁለቱንም ይዤ የአርትዖት ክፍል ኃላፊያችን ዘንድ ሄድኩ።

አንብበው ሲጨርሱ «ሰዋስውህ እንከን የለውም፤ ችግሩም ይኸው ነው» አሉኝ። «ዐረፍተ ነገሩ የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያሰብከውን ይገምቱልህ ነበር። አንተ ግን መቀጠል ብንችል ደስ ይለን ነበር፣ ነገር ግን አንችልም ብለህ በጠራ እንግሊዝኛ ነግረሃቸዋል።» ከዚያም «‹ምነው ወንድሜ አሁን እዚህ በነበረ› ብልህ፣ ወንድሜ እዚህ አለ ማለቴ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የሉም ማለትዎ ነው አልኳቸው። «እንግዲህ ዓረፍተ ነገር አስከትሎ የሚመጣው ‹ዊሽ› የእኛ ‹ምነው› ነው እንጂ የእኛ ‹እመኛለሁ› አይደለም» አሉኝ።

ይህች አንዲት ንጽጽር የብዙ ዓመት ትምህርቴን አቃናችልኝ። ቀድሞ ሕጉን የማውቀው በቅርጹ ብቻ ነበር፤ ያ የኃላፊ ቅርጽ ጊዜን ሳይሆን ከእውነታ መራቅን እንደሚያሳይ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። «በነበረ» የሚለው ቃላችን የኃላፊ ግስ ይዞ ስለ አሁን እንደሚናገር ሁሉ፣ «አይ ዊሽ ሂ ወር ሂር» የሚለውም ስለ አሁን ነው። ላለፈ ጸጸት እንግሊዝኛ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሄድና «አይ ዊሽ አይ ሃድ ቶልድ ሂም» ይላል፤ እኛ «ምነው በነገርኩት» ብለን ጊዜውን ለዐውዱ እንተዋለን።

«ሆፕ» (ተስፋ ማድረግ) ግን በሩ ገና ላልተዘጋ ነገር ነው። ስለሆነም ከአሁን ጊዜ ወይም የወደፊቱን ከሚያመለክተው «ዊል» ጋር ይሄዳል፤ ነገሩ ያለፈ ሆኖ ውጤቱን ካላወቅንም «አይ ሆፕ ዩ አራይቭድ ሴፍሊ» (በሰላም እንደገባህ ተስፋ አደርጋለሁ) ማለት ትክክል ነው። እኔን ያሳሳተኝ ግን በአማርኛ «መልካም ጉዞ እመኝልሃለሁ» እና «በሰላም እንድትገባ እመኛለሁ» የምንለው በአንድ ግስ መሆኑ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ዊሽ» ይሆናል፤ ምክንያቱም የሚከተለው ስም ነው፣ ጸጸትም የለበትም። ሁለተኛው፣ ዓረፍተ ነገር ስለሚከተለው፣ ወደ «ሆፕ» መሄድ አለበት። («ዊሽ ቱ» ሲባል ደግሞ በመደበኛ ጽሑፍ «መፈለግ» ማለት ብቻ ነው።)

በዚያው ቀን «ዊ ሆፕ ዊ ካን ኮንቲኒው» ብዬ ከይቅርታ ጋር ጻፍኩ፤ ውሉም ጊዜው ሳያልፍ ታደሰ።

ኃላፊያችን ግን የቆዩ ደብዳቤዎቼንም እንድመረምር አዘዙኝ። በሁለቱ ላይ «ዊ ዊሽ ዩ ዉድ ሪፕላይ ሱን» የሚል አገኘሁ። እኔ በትሕትና መጠየቄ ነበር፤ ከ«ዉድ» ጋር ሲሆን ግን «ምነው ቶሎ ብትመልሱ» የሚል፣ በሰው ጠባይ መማረርን የሚያሰማ ወቀሳ ነው። ከሁለቱ ተቀባዮች አንደኛዋ ያን ጊዜ በአንድ መስመር ብቻ፣ ያለ ሰላምታ የመለሱልኝ ለምን እንደነበረ ያን ቀን ገባኝ። ወራት ቢያልፉም ያሰብኩት ምን እንደነበረ ገልጬ ጻፍኩላቸው፤ በማግስቱ ረጅም መልስ ላኩልኝ፤ በሰላምታም ይጀምር ነበር።