ከድንጋይ ወደ ሰበዝ፦ የስፌት ትምህርቴ የደረሰበት

ሰፌዱ አለቀ። እህል ለማበጠር አይበቃም፣ ዳቦ ቢቀርብበት ግን አያሳፍርም። ጠርዙ ተዘግቷል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥም አይወዛወዝም። ስፌት የሞከራችሁ ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ቀላል እንዳልሆነች ታውቃላችሁ።

እዚህ የገባሁት በአርኪዮሎጂ በኩል ነው። ሙያዬ ሌላ ነው፤ ቢሮዬ ግን አራት ኪሎ ስለሆነ ምሳ ሰዓት ሲተርፈኝ ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ እላለሁ። ሰው ሁሉ ድንቅነሽን ለማየት ይጣደፋል። እኔን የሚይዘኝ ድንጋዩ ነው። አፋር ውስጥ ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጥንት ሰዎች መኖሪያ መልካ ቁንጡሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፤ እዚያም ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። እና ሁሌ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይሄ ሁሉ ሰው የለቀመውን ሥራ ሥርና ፍሬ በምን ተሸክሞት ሄደ?

ቁፋሮ ለዚህ መልስ የለውም። ድንጋይ ይቆያል፣ ሣር ይበሰብሳል። አገሩ በጣም ደረቅ ካልሆነ በቀር። ግብጽ ፋዩም ውስጥ እንግሊዛዊቷ አርኪዮሎጂስት ገርትሩድ ኬተን-ቶምሰን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቆፈረቻቸው የእህል ጉድጓዶች 6,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው፤ ውስጣቸውም በገለባ ስፌት የተለበጠ ነበር። ደቡብ ስፔን ከሚገኝ አንድ ዋሻ የወጡ ቅርጫቶች ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ፤ 9,500 ዓመት ገደማ። የፋዩሙን ፎቶ ሳይ ደነገጥኩ። ጥቅል ሣር፣ በላዩ ጥምጥም፣ እየዞረ የሚሰፋ። የእኛው ሰፌድ! (እነሱ ከእኛ ወሰዱ፣ እኛ ከእነሱ ወሰድን የሚል ክርክር ውስጥ እንዳትገቡ። ዘዴው ብዙ አገር አለ።)

ያኔ ነው ጎረቤታችን ያሉትን እናት «እማማ፣ ስፌት ያስተምሩኝ» ያልኳቸው። ሳቁ። «አንተ? ምነው፣ የምትሰፋልህ ሚስት ጠፋች?» ቆየት ብለው ደግሞ «በል እጅህን ታጠብና ተቀመጥ» አሉኝ።

ጉዱ ያለው መነሻው ላይ ነው። ጥቂት ሣር ትይዛላችሁ፣ ጫፉን በሰበዝ ትጠመጥማላችሁ፣ ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ራሱ ታዞሩታላችሁ። ይቺ የአውራ ጣት ጥፍር የማታክል ነገር ከተጣመመች እስከ ጠርዙ ድረስ ትከተላችኋለች። ቀጥሎ ያለው ድግግሞሽ ነው። ወስፌው የፊተኛውን ዙር ይበሳል፣ ሰበዙ ይገባል፣ ይሳባል። የሰበዙ ጫፍ በሰያፍ መቆረጥ አለበት፤ ካልሆነ ቀዳዳው አፍ ላይ ይታጠፋል። ሲያልቅ ጭራው ጥቅሉ ውስጥ ይቀበርና አዲሱ ከዚያው ይነሳል። በደንብ የተቀበረን ጭራ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ከበድ የሚለው የጥቅሉን ውፍረት መጠበቅ ነው። ሣሩ እየሳሳ ሲሄድ በመሃል ይጨመራል። መሳሳቱ በዓይን ከታየ ግን ጊዜው አልፏል። እማማ ቴሌቪዥን እያዩ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር እየተጨቃጨቁ፣ በሁለት ጣታቸው ብቻ ያውቁታል። እኔ አሁን አሁን ገና ጣቴ መስማት ጀምሯል። እርጥበቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ሰበዙ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆያል እንጂ ውኃ ውስጥ አይነከርም። ብዙ ከዋለ ያብጣል፤ ያበጠው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ስፌቱም ይላላል።

ከዚያ ወደ ሣሩ ገባሁ። አክርማና ስንደዶ የሚለቀሙት ክረምት ሲወጣ ነው። እማማ በልጅነታቸው ከእኩዮቻቸው ጋር መስክ ወርደው እየዘፈኑ ይለቅሙ ነበር። እኔ መርካቶ ወርጄ በእስር እገዛለሁ፤ ዘፈኑ በወያላ ጩኸት ተተክቷል። አክርማን በሳይንስ ስሙ ስፈልገው ኤሉሲኔ ፍሎክሲፎሊያ ይባላል። ወገኑ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳጉሳ! አንዱ ዘመድ ጠላና አረቄ ሲሆን ሌላው መሶብ ይሆናል። ይህን ሁሉ በስም በስሙ ያስቀመጠው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ጥናት ከ1980 እስከ 2009 (እ.ኤ.አ.) ፈጅቷል። ወደ 6,000 ገደማ ዝርያ የተመዘገበበት ሥራ ነው። ዋና ማዕከሉም እዚሁ አራት ኪሎ፣ የሳይንስ ፋኩልቲው ግቢ ያለው ብሔራዊ ሄርባርየም (የደረቁ ዕፀዋት ናሙና ማከማቻ) ነበር። በየቀኑ በበሩ እያለፍን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በመሃል ከተማው የመንገድ ዳር የሚነጠፈው ሣር ለዓይን ያምራል፣ ለወስፌ ግን አይሆንም። አንድ ጥግ ላይ አክርማ ቢተከል ማንን ይጎዳል? የአገሩ ሣር ነው፤ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ስድስት ኪሎ ነው። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ድሮም አውቀዋለሁ። ያኔ ስፌት ፊት ስቆም የማየው ቀለሙን ነበር። አሁን ከመስታወቱ ጋር ግንባሬ ሊጋጭ እስኪደርስ ተጠግቼ መነሻውን እፈልጋለሁ። ዙሩ ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ? ሰፊዋ ግራኝ ትሆን ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ጥምጥሙ ድንገት ከጠበበ ወይ ሌላ እጅ ገብቶበታል፣ ወይ ሥራው ብዙ ቆይቶ ነው የተቀጠለው። ድንጋይ የሚያጠኑ ሰዎች ከፍንጣሪው የጠራቢውን እጅ ያነባሉ ሲባል ይገርመኝ ነበር። ስፌትም ይነበባል ለካ፤ ወስፌ ይዞ ለማያውቅ ሰው ግን አይታይም።

የሚቀጥለው አለላ፣ ቀለም የተነከረው ስፌት ነው። እማማ አልፈቀዱም። «ነጩ ሳይስተካከልልህ ቀለም ምን ይሠራልሃል?» ብለው ሌላ ሰፌድ አስጀምረውኛል፤ አሁን ግማሽ ላይ ነኝ። ቀለሙን ግን ከመርካቶ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ቀይና አረንጓዴ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።