ለወገቤ ስል ጫካ ገባሁ

በጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነሥተን በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ነዳን። መሪውን የያዘችው አብራኝ ሌሊት የምትሠራ ነርስ ናት። ቅዳሜና እሑድ ጫካ ገብተው ስለሚሠሩት ዮጋ ስታወራኝ ከርማለች፤ ያሳመነኝ ግን ወገቤ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በሽተኛ ያገላበጠ ወገብ ልመና አያስፈልገውም።

እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «ጠበል እያለ ፈረንጅ ጫካ ምን ይሠራልሻል?» አለችኝ።

«እማዬ፣ መንጠራራት ብቻ ነው» ብያት ዘጋሁ።

ከፍሮንት ሮያል ከተማ የሚነሣው ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት መንገድ የሸናንዶዋን ተራሮች ጀርባ ይዞ 105 ማይል ይሄዳል። በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው፤ ቅጠል ሊያይ የወጣው ሕዝብ ግን ያንንም አያስነዳም። እየተሳብን ሄድን፣ አልከፋኝም። ቀኑ ሲያጥር ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ይፈርስና ሞቃቱን ወራት ሁሉ ከሥሩ ተሸፍኖ የከረመው ቢጫ ብቅ ይላል። ሜፕል የሚሉት ዛፍ ቀይ ግን በመጸው አዲስ የሚሠራ ነው። አገር ቤት ወቅቱ ዘመነ ጽጌ ነው፤ እዚህ የአበባውን ሥራ የሚሠራው ሊረግፍ የተዘጋጀ ቅጠል ነው።

ማረፊያችን ከሉሬይ ከተማ ወጣ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የእንጨት ቤት ነበር። ለእራት ምስር፣ ዱባና ጎመን ቀረበ። የጽጌን ጾም ይዣለሁ፤ «ቅቤ አለበት? እንቁላል ነክቶታል?» ብዬ ሳልጠይቅ የበላሁበት የመጀመሪያው የአሜሪካ ማዕድ ይህ ነው። በርበሬ ያልነካው ምስር እንዴት ይዋጣል አትበሉኝ፤ ዋጥኩት።

ጠዋት የፀሐይ ሰላምታ የሚሉትን ጀመርን። እጅ ወደ ላይ፣ ጎንበስ፣ መዳፍ መሬት፣ ደረት መሬት፣ ከዚያ መነሣት። አስተማሪዋ ለጀማሪ ይከብዳል ብትልም ጉልበቴ አወቀው፤ በሰሙነ ሕማማት ስንት ጊዜ የወደቅሁ የተነሣሁበት ነው! ለፀሐይማ አልሰግድም ብዬ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። እርሷ መጥታ «ቀስ በይ፣ ትንፋሽሽን ጠብቂ» አለችኝ። ጸሎቱንም ስሮጥበት እንደኖርኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

የከበደኝ መጨረሻው ነው። ሻቫሳና ይሉታል፤ ሻቫ በሳንስክሪት ሬሳ ማለት ነው። በጀርባ ተንጋልሎ፣ መዳፍ ከፍቶ፣ አለመንቀሳቀስ። ያለፉትን ዐይናቸውን የከደንኩ፣ እጃቸውን ያስተካከልኩ ሰው ነኝና እንደዚያ መጋደም አልሆን አለኝ። ጣቶቼ ሥራ ይፈልጋሉ። አስተማሪዋ ምንም ሳትናገር ብርድ ልብስ አመጣችና ከእግሬ ጀምራ እስከ ትከሻዬ አለበሰችኝ፤ ጠርዙንም ከሥሬ ወሸቀችው። እኔ በየሌሊቱ ለሰው የማደርገው ይህንኑ ነው። ለእኔ ያደረገልኝ ማን እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ።

በዚህ መሐል የኦክ ዛፍ ፍሬ ቆርቆሮውን ጠብ አደረገውና ሁላችንም ደነገጥን፤ ሁለተኛው ሲወድቅ ሣቅን። ሦስተኛውን አልሰማሁም። ጓደኛዬ እንዳለችው ማንኮራፋቴ ከፍሬው ይብስ ነበር።

እሑድ ስንመለስ ስልኬ ኔትወርክ ያገኘው ፍሮንት ሮያል ስንደርስ ነው። እናቴ ሦስት ጊዜ ደውላለች።

«ምን ስትሠሪ ሰነበትሽ?»

«ተኛሁ፣ እማዬ።»

«ለመተኛት ነው ገንዘብ ከፍለሽ ጫካ የገባሽው?»