በጣና ዳር ለቤተሰብ አዳርና ለብስክሌት ጉዞ የመኝታ ከረጢት በአነስተኛ ገንዘብ መምረጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ከባሕር ዳር ተነሥተን በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር በብስክሌት ወጣንና፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የአንድ ገበሬ ግቢ አስፈቅደን ድንኳን ተከልን። ከብስክሌቴ የኋላ መጫኛ ላይ ፈትቼ የዘረጋሁት የመኝታ ከረጢት፣ ብዙዎቻችን በልማድ ስሊፒንግ ባግ የምንለው ዕቃ፣ ገና አዲስ ነበር። ማቀፊያው ላይ «ዜሮ ዲግሪ» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ታትሞበታል፤ የሸጠልኝም ሰው «ወንድሜ፣ በዚህማ በረዶ ላይም ትተኛለህ» ብሎኝ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ፣ ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሰብስቤ፣ ንጋትን እየተንቀጠቀጥኩ እጠብቅ ነበር። ጓደኛዬ ግን ከእኔው የሳሳ አሮጌ ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ ጋቢውን ከላይ ጣል አድርጎ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሆን ስፖንጅ አንጥፎ ያንኮራፋል። ከእኔ ሥር የነበረው የድንኳኑ ወለልና አንድ ስስ ሸራ ብቻ ነው።

ያ «ዜሮ» ምን ማለት እንደሆነ ማጣራት የጀመርኩት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኢኤን 13537 የተባለው መመዘኛና በ2016 የተካው አይኤስኦ 23537 ለአንድ ከረጢት የሚሰጡት የሙቀት ልክ አንድ ብቻ አይደለም። የምቾት ልክ የሚባለው አንዲት ሴት ሰውነቷን ዘና አድርጋ፣ ሳይበርዳት የምትተኛበት ነው። ቀጥሎ ያለው የመጨረሻ ገደብ አንድ ወንድ ተኮራምቶ ሌሊቱን ሊገፋበት የሚችለው ሲሆን፣ ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚጻፈው የአስጊ ልክ ግን ከእንቅልፍ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሰው በብርድ ቢጎዳም በሕይወት ሊያነጋ የሚችልበት ነው። በርካሽ ከረጢቶች ላይ በትልቁ ታትሞ የምናገኘው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከኋለኞቹ ሁለት አንዱ ነው፤ የምቾቱ ልክ ከተጻፈም የሚገኘው ከውስጥ በተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው። ስለዚህ ለራስም ሆነ ለባለቤትና ለልጆች ሲገዛ መነበብ ያለበት ያቺ ትንሽ ጨርቅ ላይ ያለው ነው፤ ከነጭራሹ ካልተጻፈ ደግሞ በማቀፊያው ላይ ባለው ቁጥር ላይ ቢያንስ አምስት ስድስት ዲግሪ ጨምሮ ማሰብ ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ልኮች የሚለኩት ከሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ነው። ከረጢት የሚያሞቀን በውስጡ የታመቀውን አየር ይዞ በማቆየት ስለሆነ፣ ከጀርባችን ሥር የሚውለው ክፍል በክብደታችን ሲጨፈለቅ አየሩ ይወጣና ጥቅሙ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሙቀታችንን የሚወስደው መሬቱ ነው። የደብረ ታቦሩ ጥፋቴ ከከረጢቱ ይልቅ ከሥሩ ነበር ለማለት የምደፍረው ለዚህ ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው ቢጠይቀኝ መካከለኛ ከረጢት ገዝቶ ቀሪውን ለስፖንጅ እንዲያወጣ እነግረዋለሁ። ፍራሽ ከሚሸጥበት ቤት በትከሻና በዳሌ ልክ የተቆረጠ ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ እርጥበት እንዳያገኘው ከሥሩ ላስቲክ ከተነጠፈለት፣ በቂ ነው። ሰሌን ብቻውን ከአቧራ ያድናል እንጂ ከብርድ አያድንም።

ምን ያህል ሙቀት ያስፈልገናል የሚለውን ለመወሰን የምናድርበትን ቦታ ከፍታ ማወቅ ይጠቅማል። የጣና ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በታኅሣሥ ሌሊት ባሕር ዳር ላይ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ደብረ ታቦር ላይ ወደ 3 ይወርዳል ብሎ ማስላት ይቻላል። ጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ከረጢት በርካሽ አይገኝም፣ እኔም አልሞክረውም።

ለቤተሰብ አዳር ግን ስሌቱ ይገለበጣል። በዘጌ ወይም በጎርጎራ በኩል ከልጆች ጋር ለማደር ለሰሜን ተራሮች የተሠራ ወፍራም ከረጢት መግዛት ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ጉዳትም አለው። የመጀመሪያውን ዓመት እንዲህ ያሉ ሁለት ከረጢቶች ተውሰን ሄድን። ልጆቹ ገና እኩለ ሌሊት ሳይደርስ በላብ ተነክረው ዚፑን ከፍተው ወጡ፤ ጠዋት እጅና እግራቸው በትንኝ ንክሻ ተዥጎርጉሮ ነበር። ሐይቁ ዳር ወባ ስላለ ይህ ቀልድ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የድንኳኑ መረብ ቀዳዳ እንደሌለው ሳላይ አልወጣም፤ ድንኳኑንም ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ከሚወጣበት የውኃ ዳር ራቅ አድርጌ እተክላለሁ።

ለዚህ ዓይነቱ አዳር የምመርጠው የምቾት ልኩ 10 ዲግሪ አካባቢ የሆነ፣ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው፣ ዚፑ እስከ እግር ድረስ ወርዶ እንደ ብርድ ልብስ የሚዘረጋ ከረጢት ነው። ሁለት ከረጢቶችን አጋጥሞ አንድ ሰፊ መኝታ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን የአንዱ ዚፕ በግራ፣ የሌላው በቀኝ መሆን አለበት፣ የጥርሱም መጠን አንድ ዓይነት መሆን ይኖርበታል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ባለ ቀኝ ዚፕ ገዝቼ ከባለቤቴ ጋር ተራ በተራ ስንገለባብጣቸው ያየችው እናቴ «ልጄ፣ ሰው እንደ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ይተኛል?» ብላ ስትስቅ ዋለች። ለትንንሽ ልጆች የአዋቂ ከረጢት ከታች በገመድ አስሮ ማሳጠር ይቻላል፤ ትርፍ የሆነውን ባዶ ቦታ የሕፃን ሰውነት ሊያሞቀው አይችልም።

በብስክሌት ሲኬድ ከዋጋው ቀጥሎ የሚያስጨንቀው ጥቅሉ ነው። አራት ማዕዘኑ ከረጢት ብዙ ጊዜ ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ተጠቅልሎም ከመጫኛው ግራና ቀኝ ይወጣል፣ ዳገት ላይ ቆሞ ሲረገጥም ብስክሌቱን ያወዛውዛል። ከትከሻው ሰፍቶ ወደ እግሩ የሚጠብበው ቅርጽ ቀላልና ሞቃት ስለሆነ ለጉዞ የሚሻለው እርሱ ነው። የወፍ ላባ የተሞላው ከሁሉ ይቀልላል፣ ከሁሉም በላይ ይታመቃል፤ ሆኖም ሲረጥብ ላባው ተጣብቆ ሙቀት መያዙን ይተዋል፣ ለመድረቅም ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። በሐይቁ ዳር ጤዛው ድንኳኑን ከውጭ፣ ትንፋሻችን ከውስጥ ስለሚያረጥቡት፣ በዚያ ላይ ዋጋው ስለሚያይል፣ እኔ ፖሊስተር የተሞላውን መርጫለሁ። ክብደቱን በእግሬ እከፍላለሁ፤ ቢረጥብም ጠዋት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ቡና እስኪፈላ ጨርሶ ባይደርቅም የሚታሰር ይሆናል።

ገንዘብ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ሰልባጅ ተራን መናቅ የለበትም፤ የእኔ የአሁኑ ከረጢት ከዚያ የተገኘ ነው። ሲገዛ ግን ቸኩሎ መክፈል አይገባም። መጀመሪያ ውስጡን ማሽተት ነው፤ የሻጋታ ሽታ በእጥበት አይለቅም። ቀጥሎ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ሙሊቱ ተንሸራቶ ባዶ ቀርቷል ማለት ነው። በጡጫ ጨብጦ ሲለቁት ቶሎ ካልተነፋ ብዙ ዘመን ታጭቆ ኖሯል። ዚፑን አሥር ጊዜ ያህል መክፈትና መዝጋት፣ ጨርቅ የሚነክስ መሆኑንም ማየት ይገባል፤ ከዚፑ ጀርባ ደግሞ ብርዱን የሚዘጋ ወፍራም ጥቅል ስፌት መኖር አለበት። በመጨረሻም ጫማ አውልቆ ውስጡ መተኛት ነው፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።

ለተገዛው ከረጢት ከውስጥ የሚገባ የአቡጀዲ ሽፋን አሰፍቼለታለሁ። ሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ ትራስ ልብስ መስሎት «ይሄን የሚያህል ትራስ የማን ነው?» ብሎኛል። ይህ ጨርቅ ላቡንና አቧራውን ስለሚቀበል የሚታጠበው እርሱ ነው፤ ከረጢቱ ደጋግሞ በታጠበ ቁጥር ሙሊቱ ይጎዳልና። ከጉዞ ስንመለስ ከረጢቶቹን ከማቀፊያቸው አውጥተን ቁምሳጥን ውስጥ እናንጠለጥላቸዋለን፤ ተጨፍልቆ የከረመ ከረጢት ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ቦታ ያዙብኝ እያለች ባለቤቴ ብትቆጣም፣ ባለፈው ጥር ከመውጣታችን በፊት የትንሿን ልጃችንን ከረጢት አውርዳ ገመዱን አንድ ስንዝር ወደ ታች ያወረደችው እርሷው ናት።