«አሜሪካ ተቀምጠህ ምን ያደክምሃል?»

አገር ቤት ያለ ጓደኛ ይህን ሲጠይቅ ክፋት የለውም። መብራት አይጠፋ፣ ውሃ አይቋረጥ፣ የታክሲ ሰልፍ የለ። እዚህ ያለውም ከየት እንደሚጀምር ስለሚጨንቀው «ኧረ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋል። አሜሪካኑ «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ እኛ ደግሞ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠርተን አምስት ጊዜ «ደህና» እንባባላለን። በሁለቱም መንገድ እውነቱ አይወጣም። የሚያስፈራው ግን ይህች «ደህና ነኝ» ክሊኒክ ድረስ መከተሏ ነው።

ለጨጓራ ወይም ለወገብ ሕመም የሄደ ሰው ተራ ሲጠብቅ ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። ፒኤችኪው-9 ይባላል፤ ድባቴን (ተስፋ የሚያሳጣውን የመንፈስ ጭንቀት ሕመም) የሚለካ መጠይቅ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ መጥቶብህ እንደሆነ ይጠይቃል። ለወገቡ መጥቶ ስለ ሞት ሲጠየቅ ብዙ ሐበሻ እብድ የተባለ ይመስለዋል፤ ያፍራል፣ ይናደዳል። ከዚያ ዘጠኙንም «በፍጹም» ላይ ምልክት አድርጎ ይመልሳል። ሐኪሙ ድምሩ ዜሮ መሆኑን ያያል፣ የጨጓራ መድኃኒት ያዝለታል፣ ቀጠሮው ያልቃል። በሌሊት እንቅልፍ ካጣ ወራት የተቆጠሩበት ሰው ሳይታይ ወጣ ማለት ነው።

ወረቀቱ እናንተ ተለይታችሁ የተጠረጠራችሁበት አይደለም፤ በብዙ ክሊኒክ ለመጣ ሁሉ ይሰጣል። የሚጠይቀው ያለፉትን 2 ሳምንታት ብቻ ነው። በፍጹም ያልነበረ 0፣ አንዳንድ ቀን 1፣ ከግማሽ በላይ ቀናት 2፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪሙ ስለ ድባቴ በደንብ መጠየቅ ይኖርበታል። የአማርኛ ትርጉሙም ስላለ «በአማርኛ አላችሁ?» ማለት ነውር የለውም። ስለ ድካም የሚጠይቀውን «ድሮስ ሠራተኛ መቼ ሳይደክመው ቀርቶ ያውቃል» ብላችሁ አትዝለሉት። ስድስተኛው ራስህን ወይም ቤተሰብህን እንዳሳፈርክ ይሰማሃል ወይ ይላል፤ ገንዘብ መላክ ያቃተው ሰው መልሱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የኛ ጭንቀት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራስ ምታት፣ በጨጓራ ማቃጠል፣ በልብ ምት ነው የሚናገረው። ስለዚህ «ጨጓራዬን ያመኛል» ካላችሁ በኋላ «እንቅልፍም የለኝም» የምትለዋን ጨምሩ።

ድካሙ ከየት ይመጣል? ትልቁ ምክንያት በሁለት አገር ሰዓት መኖር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ በክረምታቸው ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደኋላ ነው። በክረምታቸው ሌሊት ሺፍት ሠርቶ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋ የገባ ሰው፣ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሆኖ ሰው ከቢሮ ሊወጣ ሲል ነው የሚተኛው። ስልኩ የሚጮኸው ያኔ ነው። አንዱ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሌላው የሕክምና፣ ሌላው ሰላምታ ብቻ። ስልኩን እንዳያጠፋ ደግሞ መርዶ ይፈራል። አገር ቤት መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ይነግራል፤ እዚህ በፌስቡክ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ተኝቶም ጆሮው ዘብ ይቆማል፣ እንቅልፉም ይቆራረጣል።

ለዚህ ፍቱኑ ከቤተሰብ አንድ ሰው መምረጥ ነው። አስቸኳይ ነገር ሲኖር የሚደውለው እሱ ወይም እሷ ብቻ። ስልኩን «አትረብሹኝ» ላይ አድርጎ ያን ቁጥር ብቻ ማስፈቀድ ይቻላል። አይፎን ላይ አንድ ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ከደወለ እንዲጮህ የሚያደርግ ምርጫም አለ፤ ቴሌግራምና ዋትስአፕም ዝም ማለታቸውን አረጋግጡ። ገንዘቡንም እንዲሁ፦ በወር አንድ ቀን፣ የተወሰነ መጠን፣ በአንድ ሰው እጅ። አእምሮን የሚያልበው ከሚላከው ብር ይልቅ በየቀኑ «ልላክ? አልላክ?» ብሎ መወሰን ነው።

ደብል ሺፍት የሚገቡት ይህን ይስሙ። 16 ሰዓት ሠርቶ ከመንገዱ ጋር 17 ሰዓት የነቃ ሰው፣ ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን በ1997 የታተመ ጥናት አሳይቷል። መሪ ከመያዛችሁ በፊት ፓርኪንጉ ውስጥ 20 ደቂቃ ተኙ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ስትነሱ ትደነዝዛላችሁ። ቡናን በሺፍቱ መጀመሪያ ጠጡ። ከጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ደም ውስጥ ስላለ ጠዋት የሚተኛ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ባይነካ ይሻላል። እሑድ አመሻሽ ላይ ቡና ከተፈላም አቦሉ ይበቃል፤ ቶናና በረካው ለሚያድር ይቅር። ሲወጡ ጥቁር መነጽር፣ ቤት ሲደርሱ ብርሃን የማያስገባ ወፍራም መጋረጃ፣ ክፍሉን ቀዝቀዝ ማድረግ። አንድ ላይ 7 ሰዓት ካልተገኘ ጠዋት ለ5 ሰዓት ያህል፣ ማታ ሥራ ከመግባት በፊት ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ተኙ።

እንቅልፍ ተስተካክሎም ድካሙ ካልለቀቀ ደም ይታይ። ሐኪሙን ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት)፣ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ)፣ ቫይታሚን ዲ እና ቢ12 ጠይቁ። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ በሌለበት አገር ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል፤ ጾሙን ሁሉ አጥብቆ የሚጾም፣ ከፍስክ ዓመቱን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚርቅ ሰው ደግሞ ቢ12 ሊጎድለው ይችላል። ቢ12 ሲጎድል መርሳትና መደንዘዝ ያመጣል። ጹሙ፣ ግን የቢ12 ኪኒኑን ውሰዱ።

የድባቴ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሁለት ሳምንት ውጦ «አልሠራልኝም» ብሎ ያቆማል። የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ማቅለሽለሹ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ጸበልም ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳይነግራችሁ በድንገት አታቋርጡ።

«አስተርጓሚዋ ቤተ ክርስቲያን ታውቀኛለች» ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። በስልክ የሚሆን ጠይቁ፤ የሚያስተረጉመው ከሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል፣ ስማችሁን መስማትም አያስፈልገውም። ልጃችሁን ግን አታስተርጉሙ። የሞት ሐሳብ ከመጣ አሜሪካ ውስጥ በ988 ቀንም ሌሊትም ይደወላል።

ዲቪ ደርሷችሁ ወይም በሌላ መንገድ ልትመጡ የምትሰናዱ፣ ከሻንጣው በፊት ቤተሰብ ሰብስቡ። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ምንም እንደማትልኩ፣ ከዚያ በኋላ ስንት፣ ለማን፣ በየትኛው ቀን እንደምትልኩ ተነጋግራችሁ ጻፉት። የምትደዋወሉበትን ሰዓትም በሁለቱም አገር አቆጣጠር ጻፉ። ለመምጫ የተበደራችሁት ካለ ማን እንደሚከፍል እዚያው ይለይ። አውሮፕላን ከተሳፈራችሁ በኋላ ይህን ለማንሳት መሞከር እንደ ክህደት ይቆጠርባችኋል።