የሥራ ገበያ ኢኮኖሚስትን የምርምር ተጽዕኖ ድሬዳዋ ላይ እንዴት እንደለካሁ

ድሬዳዋ ሆነው ደመወዝን፣ ሥራ አጥነትንና የፋብሪካ ሠራተኛ ፍልሰትን የሚያጠኑ የአንድ ኢኮኖሚስት ሥራ ምን ያህል ጥቅም ላይ እንደዋለ ስለካ፣ አብዛኛው ድካም የሄደው የጽሑፎቻቸውን ዝርዝር በማጽዳት ነው። ዝርዝሩ ካልጸዳ ከዚያ በኋላ የሚሰላው ሁሉ አይታመንም።

በስም ጀመርኩ። የውጭ ዳታቤዞች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ፣ የእኛ ሰው አንዴ በአባት፣ ሦስት ስም የጻፈ ዕለት ደግሞ በአያት ስም ይመዘገባል። መሐመድ የሚለውም በላቲን ፊደል በአንድ ኤም፣ በሁለት ኤም፣ በኦ፣ በዩ ይጻፋል። አጻጻፎቹን ሁሉ ኤክሴል ላይ ደርድሬ እያንዳንዱን ጉግል ስኮላር (የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያ) እና ሪፔክ (የኢኮኖሚክስ ጽሑፎች ማውጫ) ላይ ፈለግኩ፤ የተገኘውን በአንድ የኦርኪድ (የተመራማሪ መለያ) ቁጥር ሥር ማሰባሰብ ነው። ጉግል ስኮላር ጽሑፍ በራሱ እየጨመረ እንዲሄድ መፍቀድ አይገባም፤ የሞክሼዎች ጽሑፍ ይገባበታል። «ለማጽደቅ ላክልኝ» የሚለውን ምርጫ ይዣለሁ።

ቀጥሎ ድግግሞሽ አለ። በዚህ ሙያ ጥናት መጽሔት ላይ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት በወርኪንግ ፔፐር መልክ ይሰራጫል፤ ርእሱም መሐል ላይ ይቀየራል። ስለዚህ ሳይቴሽኑ፣ ማለትም በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰበት ብዛት፣ ለሁለት ይከፈላል። ለምሳሌ 14፣ 9፣ 5፣ 3 እና 2 ሳይቴሽን ያለው ዝርዝር ኤች ኢንዴክሱ 3 ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ የተጠቀሱ ሦስት ጽሑፎች አሉ፣ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ግን የሉም ማለት ነው። 3 እና 2 ያላቸው አንድ ጥናት ከሆኑና ሁለቱንም የጠቀሰ ጽሑፍ ከሌለ፣ ሲዋሃዱ 5 ይሆናሉ፤ ኢንዴክሱም 4 ይደርሳል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ የጠቃሹ ጽሑፍ ራሱ በሁለት መልክ ወጥቶ ሁለቴ ይቆጠራል። ይህን በዓይን ካላዩት አይያዝም። የራስ ሳይቴሽንን (ተመራማሪው የራሳቸውን ጽሑፍ የጠቀሱበትን) ለብቻው አወጣሁ፤ ቁጥሩ የተወሰደበትን ቀንም ከጎኑ ጻፍኩ፣ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ።

ኢኮኖሚክስ ውስጥ የደራሲዎች ቅደም ተከተል ብዙውን ጊዜ በፊደል ተራ ነው። የአያታቸው ስም በላቲን ዜድ የሚጀምር ተመራማሪ ዘወትር መጨረሻ ላይ ይቀመጣሉ። ለመጀመሪያ ደራሲ ብልጫ ነጥብ የሚሰጥ ቅጽ ሲሞላ ይህን በማስታወሻ ማስገባት ግድ ነው፤ አለዚያ ሰው ይበደላል።

የመጽሔት ደረጃን እንደ ተጽዕኖ አልወሰድኩም። ዴቪድ ካርድ በ1980 ከኩባ ወደ ማያሚ የገቡት ስደተኞች የከተማዋን የሠራተኛ ኃይል 7 በመቶ ገደማ ሲያሳድጉት ዝቅተኛ ክህሎት ባላቸው ሠራተኞች ደመወዝ ላይ ያደረሱት ጉዳት እዚህ ግባ እንደማይባል ያሳዩት በ1990 ነው። ጥናቱ የወጣው የኢኮኖሚክስ ቁንጮ ከሚባሉት አምስት መጽሔቶች በአንዱም አልነበረም። ካርድ ግን በ2021 ለሥራ ኢኮኖሚክስ ላበረከቱት አስተዋጽኦ ኖቤል ተሸለሙ፤ ጥናቱም ዛሬ ድረስ ያከራክራል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው የአማርኛ ሰነዶች ፍለጋ ነው። የቢሮ ሪፖርት፣ የረቂቅ ማብራሪያ፣ የሥልጠና መመሪያ ሳይቴሽን በሚቆጥሩት ማሽኖች ውስጥ የለም፤ የሥራ ገበያ ጥናት ግን እዚህ አገር ጥቅም የሚሰጠው በእነሱ በኩል ነው። ስካን ተደርገው የተቀመጡት በቃል ስለማይፈለጉ ገጽ በገጽ ይነበባሉ። በፊደል የሚፈለጉትን ደግሞ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ደመወዝ» እና «ደሞዝ» እያሉ ደጋግሞ መሞከር ነው። ዘመን አቆጣጠርም ያሳስታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፈረንጅ 2019 የወጣ ነው። የ2011 ሰነድ ሳይቀየር ከተመዘገበ፣ በፈረንጅ 2014 የታተመ ጥናትን ቀድሞ የጠቀሰ ይመስላል።

የተገኘውን ሰነድ በሦስት ደረጃ ለየሁት፦ ስሙን ብቻ ያነሳ፣ ግኝቱን ለማስረጃ የተጠቀመ፣ በግኝቱ ምክንያት የውሳኔ ቃል የቀየረ። ለሦስተኛው ከውሳኔው በፊትና በኋላ ያለውን ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርጌ አያይዣለሁ። ጥናቱ ከውሳኔው በኋላ የወጣ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢመሳሰሉ፣ አይገባም። «ጥናቱ በጣም ጠቅሞናል» ብቻ የሚል የምስጋና ደብዳቤም የትኛው ገጽ፣ ለየትኛው ውሳኔ፣ መቼ የሚለውን ካልያዘ ከአንደኛው ደረጃ እንኳ አላስገባሁትም።