ያላጠጣ ሰው እንዴት ይፈርማል?

ጥር ላይ ሥራ አስኪያጃችን "ፀሐዩ ጽጌረዳዎቹን ፈጃቸው" ብለው የቡና ገለፈት በጆንያ አስመጡ። የሆቴሉ በረንዳ ላይ ባሉት የአበባ ማሰሮዎች ሁሉ አራት ጣት ያህል ተጎዘጎዘ። ቡናማው ከአበባው ጋር ያምራል፤ እንግዶችም ፎቶ ይነሱበት ጀመር።

ውሃ የሚያጠጣው የጥበቃ ባልደረባችን ነው። ጠዋት ጠዋት አጠጥቶ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ቅጽ "ጠጥቷል" በሚለው ሥር ይፈርማል። አንድም ቀን አያጎድልም። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ታማኝነቱ ነው።

ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ረገፈ፤ ለጋው ቀንበጥ አንገቱን ደፋ። ሥራ አስኪያጁ "ጠምቷቸዋል" ብለው ማታም እንዲጠጣ አዘዙ። ገለፈቱ ከላይ ሁሌም ደረቅ ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረም።

ችግኝ የሚያቀርቡልን ጋሼ ሲመጡ ማንንም ሳይጠይቁ ገለፈቱን ገለጥ አድርገው ጣታቸውን ሰደዱ። "ይሄማ ጭቃ ነው!" አንዱን ማሰሮ አጋድመው ተክሉን ሳብ ሲያደርጉት ሥሩ ጠቁሯል፤ በጣት ሲያሹት ልጣጩ ይሞለጫል፤ ሽታው የቦይ ነው። ማሰሮው ሥር ያለው ሳህንም ውሃ እንዳቆረ ነበር።

ጉዝጓዙ ፀሐይና ነፋስ ስለሚከላከል አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። ውሃው ግን ጉዝጓዝ እንደሌለ ይጨመራል፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ በውሃ ይሞላል። የታፈነ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለሚያቅተው፣ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ እንደጠማው ይጠወልጋል።

"ታዲያ በስንት ቀን እናጠጣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ቀኑን ምን አደረግሽው ልጄ፣ አፈሩን አትነኪውም?"

ገለፈቱን አሳሳነው፤ ከግንዱም ፈቀቅ አደረግነው፤ ሳህኖቹ ተነሡ። ጣት ሲገባ ደረቅ ከሆነ ብቻ፣ ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ይጠጣል። ትልልቆቹ ማሰሮዎች ቀናት ይቆያሉ፤ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ያሉት ትንንሽ ጥቁር ፕላስቲኮች ግን ጉዝጓዝ ለብሰውም በየቀኑ ለማለት ይቻላል ይፈልጋሉ። ሥራቸው የበሰበሱት አልተረፉም፤ የቀሩት መጋቢት ላይ አዲስ ቀንበጥ አወጡ።

ቅጹንም ቀየርኩት፤ "ጠጥቷል" የሚለው "አፈሩ ታይቷል" ተባለ። ሥራ አስኪያጃችን ግን "ያላጠጣ ሰው ምን ሠርቶ ነው የሚፈርመው?" እያሉ ክረምት እስኪገባ ተከራከሩኝ።