የተዘረፈው መዝገቤና የግሸን ማርያም ስለቴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ተሳክቶልኝ ብወጣ በአደባባይ እመሰክራለሁ ብዬ ነበርና ይኸው ጻፍኩ። ሰው ስለ ፈውስ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ትዳር ይመሰክራል፤ የእኔ ምስክርነት ስለ ዕዳና ስለ ፍርድ ቤት ነው። «ከሰርኩ ብላ ያመለከተች ሴት ደግሞ ምን አፍ አላት?» የሚል አይጠፋም። ይበል።

ደሴ አራዳ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረኝ። አቡጀዲ፣ ከፋይ፣ የመጋረጃና የአንሶላ ጨርቅ ከመርካቶ በዱቤ አመጣለሁ፣ ሸጬ እከፍላለሁ። ከባንክም ቤታችንን አስይዤ ተበድሬ ነበር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ተለቀቀች ሲባል ተመለስን። ሱቁ ውስጥ የቀረው መደርደሪያው ብቻ ነው። ዕቃው እንደሌለ ልቤ ነግሮኝ ስለነበር ያን ያህል አልደነገጥኩም፤ ወገቤን የቆረጠው የሂሳብ መዝገቤ ነው። ሽፋኑን ደጃፉ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ውስጡ ተገንጥሎ ሄዷል፤ የስፌቱ ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እሳት አያይዘውበት ይሁን ሌላ፣ እግዚአብሔር ይወቅ።

ቀጥሎ የሆነውን ባሳጥረው ይሻለኛል። ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ቤታችን በዚሁ ተሸጠ፤ እኛም ተከራይተን ገባን። የዱቤው ዕዳ ግን ንቅንቅ አላለም። አበዳሪዎቹም በየፊናቸው ይከሱኝ ጀመር።

ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ አንድ ወጣት «እትዬ፣ በየችሎቱ ከሚጉላሉ ሁሉንም ባንድ ላይ የሚያሳይ መንገድ አለ» አለኝ። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ዕዳው ያቃተው ነጋዴ ራሱ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ንግዱ ነፍስ ካለው መልሶ እንዲደራጅ፣ ከሌለው በመክሰር እንዲዘጋ ይታያል። ሲነግረኝ ቀላል ይመስል ነበር።

የመጀመሪያው ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት አላለፈም። ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው አንቀጾቹን የጠቀሰው ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ኖሮ «ይህ ክፍል ተሽሯል» ተብሎ ተመለሰ። ታርሞ ሲገባ ደግሞ ነጋዴ መሆኔን በታደሰ ንግድ ፈቃድ አረጋግጪ ተባልኩ። ፈቃድ ለማሳደስ ክሊራንስ ያስፈልጋል፣ ለክሊራንስ ግብር፣ ለግብር ብር። ብሩ ቢኖረኝ ፍርድ ቤት ምን አመጣኝ? የሕግ ድጋፍ የሚሰጠኝ ወጣት ግን ሳይታክት የንግድ ምዝገባዬን ማስረጃ ከንግድ መምሪያው አስጽፎ አያያዘልኝና ይኸኛው አለፈ።

ሦስተኛው እንቅፋት ነው የከፋው። ዳኛው የሀብትና ዕዳ መግለጫዬን አዩና «መዝገቡስ?» አሉ። ተዘርፏል አልኩ። ማስረጃ ሲሉኝ ያንን ሽፋን ከፌስታሉ አውጥቼ ሰጠሁ። አገላብጠው አዩትና በአስተናባሪው በኩል መለሱልኝ። አልፈርድባቸውም፤ ስንት እንደተበደርኩ ከሽፋን ላይ አይነበብም። ቀጠሮው ጥቅምት ላይ ዋለ፤ ፍርድ ቤት ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 እረፍት ነው።

ፍርድ ቤቱ በተዘጋበት ቀን ፍልሰታ ገባ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝምና ጠዋት ኪዳን፣ ቀን ቅዳሴ፣ ውዳሴ ማርያሜን ይዤ ከቤተ ክርስቲያን አልጠፋም ነበር። ዕዳዬን ሰርዢልኝ ብዬ ግን አልለመንኳትም። የሰው ገንዘብ ነው፣ እንዴት እላታለሁ? «እመቤቴ፣ ያለብኝን አሳውቂኝ፤ በሰው ፊት ውሸታም አታሰኚኝ» ነበር የምላት። ምክንያቱም ገበያው ውስጥ «ብሩን ደብቃ ነው፣ ዘረፋውን አሳበበች» የሚል ወሬ ይዞር ነበር፤ ከድህነቱ ይልቅ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። መስከረም 21 ለንግሥ ግሸን ልወጣ አስቤ መንገዱ አልሆነልኝም። እዚያው ደሴ ሆኜ፣ ጉዳዩ ካለፈልኝ ለግሸን ማርያም የመቅደስ መጋረጃ ተሳልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሐጂ ደወሉ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፣ መርካቶ በጅምላ ይሸጣሉ፤ ከሁሉም የበዛው ዕዳዬ የእሳቸው ነው። በዋስትና የሰጠኋቸው ቼክም እጃቸው ላይ ነበር። ደረቅ ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እንደሚያስጠይቅ ስለማውቅ ስልካቸውን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው ጠፋሽ?»

«ሐጂ፣ በምን ፊቴ ልደውል?»

«አብሽሪ። መዝገብ አምጪ ተባልሽ አሉ። የአንቺ ቢዘረፍ የእኔ አለ አይደል?»

በአውቶቡስ አንድ ካርቶን ላኩልኝ። ውስጡ ለእኔ የሸጡበት ደረሰኝ ቀሪ በየዓመቱ በላስቲክ ታስሯል። የካርቦኑ ሰማያዊ አንዳንዱ ላይ ደብዝዟል፣ ግርጌው ላይ ግን ፊርማዬ አለ። የከፈልኩትም ለብቻው ተጽፏል። አንዱን ሳነብ ቁጭ አልኩ፦ ሸሽተን ከመሄዳችን በፊት በሹፌር እጅ የላክሁላቸው ብር ነው። እኔ ጨርሶ ረስቼው ዕዳው ውስጥ ደምሬዋለሁ። ሐጂ ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር፤ እሳቸው ግን ከራሳቸው ገንዘብ ቀንሰው ላኩልኝ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ ባለቤቴ ይመስክር።

ሌሎቹንም ነጋዴዎች እሳቸው ደውለው ቀሪያቸውን አስላኩ። ከግብር መሥሪያ ቤት ካወጣነው የየዓመቱ የሂሳብ ማስታወቂያዬ ጋር ሲመሳከር ገጠመ። ጥቅምት ላይ ዳኛው ማመልከቻውን ተቀበሉ፤ የተበታተነው ክስም ባለበት ቆመ። አበዳሪዎቹ ሲሰበሰቡ አንዱ አሻፈረኝ ብሎ ነበር። ሐጂ ግን ባለዕዳ ሲቸግረው እስኪያገኝ ጠብቁት፣ ብትምሩት ደግሞ ይበልጥላችኋል የሚለውን የቁርኣኑን የአልበቀራ ምዕራፍ 280ኛ አንቀጽ አንስተው ተናገሩ። አብዛኞቹ ከዕዳው ቀንሰው፣ ቀሪውን በየዓመቱ እንድከፍል ተስማሙ፤ ፍርድ ቤቱም አጸደቀው። ቼኩን ሐጂ ቀደው ጣሉት።

የእመቤቴን ሥራ ስትመሰክሪ ሐጂን ምን አገባቸው የሚል ካለ ወሎ አላደገም። እሳቸው ዱአ አድርገውልኛል፣ እኔ ተስያለሁ፤ የማንኛችን ቀድሞ እንደተሰማ አንድም ቀን አልተከራከርንም።

አሁን በትንሽ ሱቅ አንሶላና መጋረጃ እሸጣለሁ። የስለቴን ጨርቅ የገዛሁት ከሐጂ ነው። ገንዘብ አልቀበልም ብለው ነበር፤ «ስለት በዱቤ አይሆንም» ብዬ በግድ በጥሬው ከፈልኩ፣ ደረሰኝም አስቆረጥኩ። ግሸን ወጥቼም አስገባሁ። ክብር ምስጋና ለልዑል እግዚአብሔር፣ ለወለደችው ድንግል፣ ለክቡር መስቀሉ ይሁን። የሚቀረኝ ዕዳ አለና ከፍዬ እንድጨርስ በጸሎታችሁ አስቡኝ። ለሐጂም ዕድሜ ለምኑልኝ።